ድግስ በሽኝቱ

በእንጦጦ ማርያም ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ከሚያጥርበት ፈቀቅ ብሎ፣ አንድ ጠላ ቤት ነበር። ምልክቱ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። የቤቱ እመቤት ብቅሉን ራሷ አብቅላ፣ አሻሮውን ራሷ ቆልታ፣ ጌሾውን ራሷ ወቅጣ ትጠምቃለች። ደንበኞቿ ቀኑን እንጨት ሲፈልጡ የዋሉ፣ ከሽሮ ሜዳ የሽመና ሥራቸውን አሳድረው ሽቅብ የወጡ፣ የሰው ግቢ የሚጠብቁ፣ ባጠቃላይ ስማቸውም ቤታቸውም የሚተዋወቅ የሰፈር ሰዎች ነበሩ።

መስከረም 21 የማርያም በዓል ዋለ። ሲመሽ ጠላ ቤቱ ከወትሮው ይልቅ ሞላ፤ መደቡ አልበቃ ብሎ ሰዉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በዚህ መሐል አንድ ወጣት ነጋዴ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ። ከከተማ በመኪና የመጡ ናቸው። ገና ከደጃፉ ሳያልፍ እጁን ከፍ አድርጎ፣ «የዛሬው ሒሳብ በእኔ ነው! ማንም ኪሱ እንዳይገባ!» አለ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኘ፤ የወጣቱን ስም ጠይቆ በስሙ ላይ ስንኝ ያወርድለት ጀመር። ወጣቱም ብር እያወጣ ከአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። አንድ እንጨት ፈላጭ ከአንድ ሸማኔ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ እስክስታ ወረደ። ጣሳ ተገለበጠ፣ መደቡ ላይ የቆመ ሰው ከነጭፈራው ወደቀ፣ የወደቀውን ሊያነሣ የሄደውም አብሮ ወደቀ፤ ሳቁ ውጭ ድረስ ተሰማ። ሠርቶ ለደከመ ሰው እንዲህ ያለ ምሽት ይገባዋል፤ ማንም ቅር አላለውም።

አንድ አዛውንት ዘበኛ ብቻ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ያጨበጭባሉ፣ ይስቃሉ፣ የአዝማሪውን ግጥም ይቀበላሉ፤ ጣሳቸው ግን ተደፍቷል። ወጣቱ ማንቆርቆሪያ ይዞ መጣና፣ «አባባ፣ ከእኔ አይጠጡም?» አላቸው።

«ተባረክ ልጄ፤ አንዷን ጠጥቻለሁ። ዛሬ ተረኛ ነኝ።»

ወጣቱ የጥበቃ ተራ መስሎት አለፋቸው።

እኩለ ሌሊት ገደማ ገንዘቡ አለቀ። ከጓደኞቹ አንዱ ተጨማሪ እንዲከፍል ሲጠየቅ ተቆጣ፤ ቃል ከቃል ተሰናዘሩ፤ ሦስቱም ተነሥተው መኪናቸውን አስነሡና ቁልቁል ወረዱ። ወጣቱ ሊከተላቸው ሲሮጥ ጨለማው ዋጠው። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፣ ጅቡም ከጫካው ይጮኻል። ጥቂት እንደ ሄደ እግሩ ከዳውና ከቦዩ ውስጥ ወደቀ።

ያነሡት አዛውንቱ ነበሩ። በአንድ እጃቸው ዱላና ባትሪ ይዘዋል፤ ከኋላቸው ፈላጩና ሸማኔው ተደጋግፈው ይንገዳገዳሉ። «ና ልጄ፣ መንገዳችን አንድ ነው» አሉት። መጀመሪያ ፈላጩን አደረሱ፤ ሚስቱ ከውስጥ መልስ እስክትሰጥ ድረስ ከደጁ አልተነቃነቁም። ቀጥሎ ሸማኔውን ለወንድሙ በእጁ አስረከቡ። በመጨረሻ ወጣቱን ወደ ጥበቃ ቤታቸው ወስደው ጋቢያቸውን አለበሱትና አስተኙት።

ነጋ። ወጣቱ አፍሮ፣ «አባባ፣ ገንዘብ ልላክልዎት፤ ስንት ልክፈልዎት?» አላቸው።

«ይህ በገንዘብ አይሆንም ልጄ» አሉት። «እዚህ ቤት በዓል በመጣ ቁጥር አንድ ሰው አንዲት ጣሳ ብቻ ይጠጣና ሌላውን ቤቱ ያደርሳል። ባለፈው በዓል እኔ ስሰክር ያደረሰኝ ያ ፈላጭ ነው። ትናንት ደግሞ እኔ አደረስኩት። አንተም ካለብህ፣ ያለብህ ተራ ነው።»

በሚቀጥለው በዓል ወጣቱ ብቻውን በታክሲ መጣ። «ሒሳብ በእኔ ነው» አላለም። አንዲት ጣሳ ጠጣና ደፍቶ አስቀመጣት፤ እስኪበቃው ጨፈረ፤ ሲያልቅ ሦስት ሰው ቤታቸው አደረሰ። የሰፈሩ ሰው ያን ጊዜ ከራሱ ወገን ቆጠረው።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል።

ወጣቱ በመጀመሪያው ምሽት ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ የተፈታ ነበር፣ ደስታውንም ለሁሉም አካፍሏል። ነገር ግን ያካፈለው የሚያልቀውን ነበር። ብሩ ሲያልቅ ጓደኝነቱም አብሮ አለቀ፤ የአዝማሪው ውዳሴም እስከ በሩ ድረስ እንኳ አልሸኘውም። አዛውንቱ ከኪሳቸው ምንም ሳያወጡ ሦስት ሰው ለቤተሰቡና ለነገ አበቁ። ጋባዥ ሰውን ለአንድ ምሽት ያስደስታል፤ ሸኚ ግን ደስታው ጥፋት እንዳይሆን ይጠብቃል።

የእንጦጦ ተራራ ድግስን ያውቃል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ የጫኑት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥት ግብር ሲበላ በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ በተራ እየገባ ጥሬ ሥጋ ይቆርጣል፣ ጠጅ ይጠጣል። ሆኖም ያ ሁሉ ሰው ያለ ሥርዓት አልተለቀቀም፤ አጋፋሪ በር ላይ ቆሞ ያስገባል፣ ያስቀምጣል፣ ያስወጣል፤ አሳላፊ እየዞረ ይቀዳል። ሌላው እንዲጠግብና እንዲደሰት ነቅቶ የሚቆም ሰው ነበረ። አባቶቻችን ደስታን አልፈሩም፤ ጠባቂ አቆሙለት እንጂ። በቤታችንም ቢሆን እንግዳን ከደጃፍ አሰናብቶ በር መዝጋት ነውር ነው፤ እስከ መንገዱ ወጥተን እንሸኛለን።

ዛሬ ብዙ ምሽቶቻችን ጋባዥ አላቸው፤ ተረኛ ግን የላቸውም። ከአራቱም ማእዘን ተጠራርተን እንጠጣለን፣ ሲያልቅ ግን እያንዳንዱ በየፊናው ይበተናል። ጠጥቶ መሪ የጨበጠውን «ተው፣ ቁልፉን ወዲህ በል» የሚለው ይጠፋል። ሴት እህታችን በጨለማ ብቻዋን ታክሲ ስትፈልግ «ደረስሽ ወይ?» ብሎ የሚደውልላት አይገኝም። ጠዋት አሳዛኝ ነገር ስንሰማ «ማታ እኮ አብረን ነበርን» እንላለን። አብሮ መጠጣት ብቻውን አብሮ መሆን አይደለም፤ አብሮነት የሚመዘነው በመመለሻው መንገድ ነው።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል፤ መድኃኒት የሚሆነው ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት ሲገኝ ነው። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ለበዓልም ሆነ ለሠርግ፣ ለምርቃትም ሆነ ለጨዋታ ስትሰባሰቡ፣ የመጀመሪያው ብርጭቆ ሳይቀዳ «ዛሬ ተረኛው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከጠፋ ተራውን አንተ ውሰደው፣ አንቺም ውሰጂው። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላው ይተካችኋል።