በማን ነበር የሳቅነው?

የተለያየ ጓደኛ ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠራራው በክርስትና ስሙ አይደለም፤ ባወጣለት ስም ነው። የኳስ ሜዳ ልጆች በተጫዋች ስም ይጠራራሉ፤ የትምህርት ቤት የቴያትር ክበብ ልጆች ደግሞ በያዝነው ሚና እንጠራራለን። አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ ላይ «ባላባቱ!» የሚል ጩኸት ከሩቅ ስሰማ ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ የለበስኩት ጃኬት ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ባላባት የሚያሰኝ አልነበረም።

ከተለያየን አራት ዓመት ሆነን። ያን ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ አዳራሽ፣ አንድ የተቀደደ መጋረጃ ነበረን። ዛሬ «አክስቲቱ» ሰበታ ናት፤ የቤት ኪራይ ቤተሰቧን ከመርካቶ ጀርባ አንሥቶ ከዓለም ገና ወዲያ ወስዶ ጣለው። ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ የጠፋብንን ቃል ሹክ ትለን የነበረችው ልጅም በዚያው ምክንያት ቡራዩ ገብታለች። «ዘበኛው» ግን ድሮም የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ እንጦጦን ዞሮ፣ ከሁላችንም ቀድሞ ክፍል ይገኝ ነበር። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ለታክሲ ተሳፋሪ ግን ዛሬም አንዱ ከሌላው የሚደርሰው አዲስ አበባን አቋርጦ ነው። አንዷ ከሰበታ በአየር ጤና፣ ሌላዋ ከቡራዩ በአስኮ፣ እኔ ከዩኒቨርሲቲው ማደሪያ መጥተን አዲሱ ገበያ ተገናኘንና ወደ ሱሉልታ ወጣን። ምሳ የጠራን ዘበኛው ነበር።

እዚያ ማዕድ ላይ የሆነውን ከመናገሬ በፊት ስለ ዘበኛው አፈጣጠር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና።

አሥረኛ ክፍል ሳለን ከመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ጥቂት ትዕይንቶች ወስደን ሠራን። ተውኔቱን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፤ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ሰው ዘር ገጠር ወርዶ ያስተምራል፣ የቤት ሠራተኛውን ለማግባት ይነሣል፣ ዘመድ ደግሞ «አገር ይያዝልን!» ይላል። ሰው በዘሩ አይለካም የሚል ተውኔት ነው፤ እኛም ይህንኑ መድረክ ላይ ቆመን ሰበክን። ነገር ግን ትዕይንት ሲቀያየር፣ ጠረጴዛ ሲጎተት፣ ተማሪው ማፏጨት ይጀምራል። ስለዚህ በመጽሐፉ የሌለ አንድ ዘበኛ ከራሳችን ጨመርንበት። ካፖርት፣ ዱላ፣ የእጅ ባትሪ፤ በቃ። ሥራው መጋረጃው ፊት ወጥቶ ማሳቅ ነው። በምን ያስቃል? በአማርኛው። አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው አማርኛ ሲናገር የሚያጠብቀውንና የሚያላላውን፣ ወንዱን «አንቺ» ሴቷን «አንተ» የሚልበትን እያጋነነ። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ዘበኛ እንዲህ ሲያወራ እየሰማን ያደግን ነንና ነገሩ የራሳችን ፈጠራ እንኳ አልነበረም።

ሚናው ለማን ይሰጥ ተብሎ ስብሰባ አልተደረገም። ሁላችንም ወደ ሱሉልታው ልጅ ዞርን። ልብ በሉ፣ እሱ ራሱ እንዲያ አይናገርም፤ አማርኛው ከኔ የጠራ ነው። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እሺ» አለ። ካፖርቱን እንኳ ከቤቱ ይዞ መጣ። አዳራሹን ገለበጠው! ከዚያ ወዲያ በቀሩት ዓመታት ዘበኛ ያልገባበት ተውኔት አላወጣንም፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሳይቀሩ መቅደላ ላይ ባለባትሪ ዘበኛ ነበራቸው።

ወደ ምሳው ልመለስ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ደጁ ላይ የድርቆሽ ክምር፣ ከክምሩ ኋላ ሁለት ላሞች። ጓደኛችን እንደ ወጉ ማስታጠቢያ ይዞ እጃችንን ሊያስታጥበን ብቅ ሲል አክስቲቱ አላስቻላትም፤ «አንተ ዘበኛ! ውሃው ምነው ዘገየ!» አለች፣ የድሮዋን ቃል። እሱም ጎንበስ አለላት፤ ሳቅን። «እስቲ ድምፁን አምጣው» አልኩት እኔ። «ረሳሁት እባክህ» አለ። «ኧረ ባክህ አንዴ ብቻ!» እያልን ስንጨቀጭቀው እናቱ አይብ ይዘው ገቡ።

«ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ ምነው ዝም አላችሁ፣ ቤታችሁ አይደለም ወይ» አሉን። እንዴት አድርገው እንዳሉት በጽሕፈት አላስመስልም፤ ማስመሰሉ ይበቃናል። ብቻ ድምፁ ያ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አዳራሽ ያናወጠው አማርኛ ካፖርቱን አውልቆ፣ ነጠላ ለብሶ፣ «ብሉ» እያለን ነው። የቡራዩዋ ልጅ ሳቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ ደወል ሲነካ እንደሚጮህ ሳቁ ከአፏ አመለጠ። ወዲያው ፊቷ ልውጥ አለ። እናቲቱ ግን ደስ ያላት መስሏቸው አብረው ሳቁና «ኛዻ!» ብለው እንጀራውን ጠቅልለው አጎረሷት። ጉርሻው ትልቅ ነበር። ዓይኗ እንባ ሲሞላ በርበሬው ይሁን ሌላ አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያብሰለስለኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ ማንንም ለመጉዳት ያልታሰበ ሳቅ በደል ሊሆን ይችላል ወይ? በደል ከሆነስ ዕዳው ለማን ይከፈላል?

አሪስቶትል ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው ላይ አስቂኝ ነገር ማለት ሥቃይም ጥፋትም የሌለበት ጉድለት ነው ይላል። ምሳሌ ያደረገው የኮሜዲውን ጭምብል ነው፤ አስቀያሚ ነው፣ የተጣመመ ነው፣ ግን አያምም። ጥሩ። ጭምብል ከእንጨት ወይም ከጨርቅ ሲሠራ እውነትም አያምም። የኛ ጭምብል ግን የተሠራው ከሰው አንደበት ነበር፤ ያ ሰው ይመመው አይመመው የጠየቀ የለም። ፈረንሳዊው ቤርግሶን ደግሞ በ1900 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ለመሳቅ ልቡ ለጊዜው መደንዘዝ አለበት፣ ሳቅም ተባባሪ ይፈልጋል ሲል ጽፏል። ይህ አዳራሻችንን ልክክ ይላል። ስድስት መቶ ልብ በአንድ ጊዜ ደንዝዟል። መድረክ ላይ የቆመውን ልጅ ግን ማን አደነዘዘው?

በዚህ ግቢ ውስጥ የተለመደ መልስ አለ፤ ወደ ላይ ሳቅ፣ ወደ ታች አትሳቅ የሚል። የአገራችንም ቴያትር አጀማመሩ እንዲያ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ«ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ሹማምንቱን በአውሬ አስመስለው ቢያስቁባቸው የንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ተቆጣና ቴያትሩ ታገደ። እነሱ ወደ ላይ ሳቁ፤ እኛ ወደ ታች። ሱሉልታ ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ ጽሑፌን እዚህ ላይ አቁሜ ኅሊናዬን አሳርፍ ነበር።

ከምሳ በኋላ ቡና ሲቆላ እኔና እሱ ላሞቹን ለማየት ወጣን። «ያ የዘበኛው ነገር...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም።

«እማዬ እኮ መጥታ አይታዋለች፤ የወላጆች ቀን።»

«ምን አለች?»

«ሳቀቻ! ከአዳራሹ ሁሉ የሳቀችው እሷ ናት። ቤት ስንገባ ‹አባትህን ቁጭ!› አለችኝ።»

አባቱ አዲስ አበባ የሌሊት ዘበኛ ነበሩ። ካፖርቱ የሳቸው ነው። እኛ ሚናውን የሰጠነው እሳቸው በሞቱ በዓመቱ ነበር። ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር፤ ሁለት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ አብረን ተቀምጠን አላውቅም።

አስቡት። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ቃል፣ አንድ ቅጽበት፤ ሁለት ሳቅ። እናቲቱ የሳቁት ሰውየውን ዐውቀው ነው፤ ሲነጋ በርዷቸው ሲገቡ፣ ካፖርቱን ሚስማር ላይ ሲሰቅሉ፣ አማርኛቸውን ቀጣሪዎቻቸው ፊት ሲፈሩት፣ ቤታቸው ግን በኦሮምኛ ከማንም በላይ ሲያጫውቱ ያዩአቸው ናቸው። እኛ የምናውቀው የተበላሸውን ፊደል ብቻ ነው። ስለዚህ የሳቅ ነገር ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚለካ አይመስለኝም፤ ሳቂው ከሚስቅበት ሰው ምን ያህሉን ያውቃል የሚለው ይብሳል። አሪስቶትል ራሱ ስለ ወዳጅነት ሲጽፍ፣ ሰዎች አብረው ጨው ሳይበሉ አይተዋወቁም የሚል የአገሩን ብሂል ይጠቅሳል። እኛ ሳቁን አስቀድመን ጨውን ከአራት ዓመት በኋላ ነው የበላነው።

«ዐውቆ መሳቅስ ያቆስል የለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ያቆስላል እንጂ! ባልና ሚስት ይመስክሩ። ማወቅ ብቻውን ሳቅን ንጹሕ አያደርግም። ሳያውቅ የሳቀ ግን ንጹሕ ነኝ ብሎ ሊምል አይችልም፤ የምለው ይህን ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ስጽፈው ያሳፍረኛል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ይህ ልጅ «እስቲ የባላባቱን ሚና እኔ ልሞክር» ብሎን ነበር። ቀልድ መሰለንና ሳቅን። የሚያስቅ ድምፅ እስኪያወጣ ጠበቅነው፤ አላወጣም፤ እኛ ግን ሳቃችንን ጨረስን። ሚናው እኔ ዘንድ ቀረ። ሳስበው ትልቁ በደል ይህ ሳይሆን አይቀርም። ዘበኛውን ሲጫወት የሳቅነው ሳቅ ከእናቱ ሳቅ ጋር ተቀላቅሎ አልፏል፤ እሱም በወቅቱ ጭብጨባ አግኝቶበታል። በዚህኛው ግን አንድ ሰው ከተሰጠው ሚና ሌላ መሆን እንደሚችል ከልቡ ሲነግረን አልሰማነውም። ማስታጠቢያ ይዞ ሲገባም ያየነው ያንኑ ዘበኛ ነው፤ የቤቱ ጌታ መሆኑን ረስተን።

ድርቆሹ አጠገብ ቆመን ይቅርታ ጠየቅሁት። ለየትኛው እንደሆነም ነገርኩት። ላሟን እያሻሸ ጥቂት ቆየ።

«ቆይ እስቲ» አለኝ፣ «አንተ ባላባቱን ስትሆን የማንን ድምፅ ነበር የምታወጣው?»

አሰብኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እንደዚያ አይናገሩም። ከጎረቤቶቻችንም፣ ከዘመዶቼም፣ እኔም ራሴ ከመድረክ ስወርድ፣ እንደዚያ የሚናገር አንድ ሰው አጣሁ።

«የሬዲዮ መሰለኝ» አልኩት።

ሳቀ። ከውስጥ እናቱ አቦል ደርሷል ብለው ተጣሩ፤ ገባን።