የተገፋው ሰው ነውርና የደራሲው ፍቅር

ለተገፋው ወገን የቆመ ደራሲ የተገፋውን ሰው ነውር ሊጽፍ ይገባዋልን? ወይስ ወገንተኝነት ማለት ድኻን ሁልጊዜ አሳምሮ ማቅረብ ነው? የሂንዲ ቋንቋ ደራሲው የፕሬምቻንድ ሕይወትና ሥራ ይህን ጥያቄ አጉልቶ ያነሣዋል።

ዳንፓት ራይ፣ በብዕር ስሙ ፕሬምቻንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 በባናራስ አቅራቢያ ላምሂ በተባለች መንደር ተወለደ። መምህርና የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኖ ሲሠራ በኡርዱ የጻፈው «ሶዜ ዋታን» የተሰኘ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል አመፅ ቀስቃሽ ነው ተብሎ በእንግሊዝ ባለሥልጣናት ትእዛዝ ተቃጠለ። እርሱ ግን ስሙን ለወጠ እንጂ ብዕሩን አላስቀመጠም። በ1921 የጋንዲን ጥሪ ተቀብሎ የመንግሥት ሥራውን ለቀቀ፤ በ1930 «ሃንስ» የተባለውን መጽሔት መሠረተ፤ በ1936 የተራማጅ ደራስያን ማኅበርን የመጀመሪያ ጉባኤ በላክናው ከተማ በሊቀ መንበርነት መርቶ በዚያው ዓመት አረፈ።

በሕይወቱ ማብቂያ ግን የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ሥራዎችን አበረከተ።

በ1936 የታተመው «ጎዳን» የተሰኘው ረዥም ልብ ወለድ ባለታሪክ የገበሬው የሆሪ ምኞት አንዲት ላም ናት። በዱቤ ያገኛታል፤ ወንድሙ በቅናት መርዞ ይገድልበታል። ከዚያ ወዲያ ዕዳ ያጎብጠዋል፤ በመጨረሻም በፀሐይ ንዳድ በቀን ሠራተኝነት ሲማስን ይወድቃል። በሞት አፋፍ ላይ ለካህኑ ላም መስጠት ወግ ነውና ሚስቱ ዳኒያ ገመድ ገምዳ ያገኘችውን ሃያ አና፣ ማለትም አንድ ሩፒ ከሩብ፣ ታስረክባለች። ሆሪን አለመውደድ አይቻልም።

«ካፋን»፣ ማለትም «ከፈን»፣ በተባለው አጭር ልብ ወለድ ግን ጊሱና ልጁ ማዳቭ በብርድ ሌሊት ከጎጇቸው ደጃፍ እሳት ዳር ተቀምጠው የሰረቁትን ድንች ይበላሉ። የማዳቭ ሚስት ቡዲያ ውስጥ ሆና በምጥ ትጮኻለች። አንዱ ገብቶ ቢያያት ሌላው ድንቹን ይጨርስበታልና የሚነሣ የለም። ሲነጋ ሞታ ትገኛለች። ለከፈኗ ብለው ከባለርስቱና ከመንደርተኛው የለመኑትንም ገንዘብ መጠጥ ቤት ገብተው ያጠፉታል።

ይህ ድኻን መስደብ ነውን? ጊሱና ማዳቭ በዘር ሥርዓቱ ከሁሉ በታች ከተጣሉት ከዳሊቶች ወገን ናቸው፤ በኋላ ዘመን የተነሡ የዳሊት ሐያስያንም ታሪኩ ወገናችንን ሰነፍና ጨካኝ አድርጎ ይስላል ሲሉ ነቅፈውታል። ነቀፋው ሊናቅ አይገባም፤ ፕሬምቻንድ የተወለደው ከእነርሱ መካከል ሳይሆን በጽሕፈት ሥራ ከሚታወቅ ወገን ነበርና። የሌላውን ቁስል የሚነካ እጅ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

ሆኖም ተራኪው ምክንያቱን አልሸሸገም። ሌት ተቀን የሚለፋው ገበሬ ከእነዚህ ሁለት ሰነፎች እምብዛም ያልተሻለ ኑሮ በሚኖርበት፣ በገበሬው የዋህነት የሚነግደው ደግሞ በሚበለጽግበት መንደር፣ ሥራን መጥላት ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። ሆሪ ለፍቶ ሞትን አተረፈ፤ ጊሱ ይህን አይቶ ልፋትን ተወ።

ጭቆና የሰውን ገላ እንጂ ነፍሱን አይጎዳም ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ሳያውቀው የጨቋኙን በደል ያቃልላል። ነውሩን ጽፎ ምንጩን የሚደብቅ ደግሞ በዳዩን ትቶ ተበዳዩን ይከሳል። ፕሬምቻንድ ከሁለቱም ስሕተት ሊርቅ ጥሯል። አንድ ዕዳ ግን አልተከፈለም፤ የቡዲያ ድምፅ በታሪኩ ውስጥ የሚሰማው በጩኸት ብቻ ነው። ከድኾች ሁሉ ድኻ የሆነችው እርሷ ምን ትል እንደ ነበር መጻፍ ከእርሱ በኋላ ለሚነሡ ብዕሮች የቀረ ሥራ ነው።