ስፓይደርማን በካርቱም

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ጄኔራል አብደልፈታህ አል ቡርሃን የሽግግር መንግሥቱን በትነው ሥልጣኑን ሲጠቀልሉ የካርቱም ወጣቶች እንደገና አደባባይ ወጡ። በአስለቃሽ ጭሱ መሐል ስፓይደርማን መስሎ የለበሰ አንድ ሰልፈኛ ነበረ። ፊልም ሠሪው ፊል ኮክስ የዚህን ሰው ነገር አጭር ዘጋቢ ፊልም አደረገው፤ ፊልሙም በ2022 በእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ለእይታ በቃ።

ከሆሊውድ ጀግኖች ጋር ሲነጻጸር ምስኪን ነው። ድር አይተፋም፣ ሕንጻ ለሕንጻ አይወረወርም። ልብሱ ከገላ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ነው፤ ጥይት አይመልስም፣ ለካርቱም ሙቀትም ቢሆን ቅጣት ነው። የፊልሙ ጉልበት ያለው ግን እዚሁ ምስኪንነቱ ላይ ነው፤ ተመልካቹ ስለ ልዩ ኃይል ማሰቡን ትቶ ሰውየው ዛሬ በሰላም ቤቱ ይገባ ይሆን እያለ ይጨነቃል።

ጭንብሉ የበለጠ ያሳስበኛል። የእኛ አገር ጀግና ሲፎክር አባቱን ጠርቶ፣ ግዳዩን ቆጥሮ ነው። በፈረስ ስሙ ቢጠራም እንኳ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ መሆናቸውን የማያውቅ አልነበረም። እንዲያ ያለ ፉከራ በካርቱም ጎዳና ራስን ለደኅንነት ሰዎች አሳልፎ መስጠት ይሆናል። በፊልም ዓለም የልማድ ጌጥ የሆነው ጭንብል እዚህ ከእስር መሸሸጊያ ነው።

የፊልሙ ድክመትም ከዚሁ ከጀግናው ይመነጫል። የጀግና ታሪክ አንድ ሰው መምረጥ ይወዳል። ያን ተቃውሞ በትከሻቸው የተሸከሙት ግን የየሰፈሩ የተቃውሞ ኮሚቴዎች ናቸው። ወታደሩ ድልድዮችን በኮንቴይነር ሲዘጋ ሰልፉን ያስተባበሩ፣ ከመቶ በላይ ሰው ሲገደልም ያልተበተኑ ናቸው። እነሱ ዓይን የሚስብ ልብስ የላቸውም፤ ካሜራው ደግሞ ቀዩን ይከተላል። ፊልሙ ሱዳንን ለማያውቅ የውጭ ተመልካች ቀላል መግቢያ ነው መባሉ አይቀርም፤ በቀላሉ የገባ ደግሞ በቀላሉ ይወጣል ብዬ እፈራለሁ።

ኮክስ ራሱ ይህ የታየው ይመስለኛል። ከአራት ሱዳናውያን ዳይሬክተሮች ጋር ሠርቶት በ2025 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የታየው «ካርቱም» የተሰኘ ፊልም በአንድ ሰው ላይ አልቆመም። ባለታሪኮቹ አንዲት ሻይ ሻጭ፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አንድ የተቃውሞ ኮሚቴ በጎ ፈቃደኛና ጠርሙስ ለቃሚ ልጆች ናቸው። በሚያዝያ 2023 በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ሲያሰድዳቸው ታሪካቸውን በስደት አገር፣ በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት እንደገና ተወኑት። ከሁለቱ ፊልሞች ምረጥ ብባል ሁለተኛውን እመርጣለሁ።