ቆርቆሮ አጥር

ወላይታ ሶዶ ላይ ቦታ ያገኘ ሰው ከቤቱ በፊት አጥሩን ያጥራል። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይመታል፣ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ቤቱ ገና በሐሳብ ሳለ በሩ ተቆልፏል። ያልታጠረ ቦታ ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ አሸዋውና ብረቱም ያለ አጥር አያድርም። ገንዘብ ሲገኝ ቆርቆሮው በብሎኬት ይተካል፣ ከብሎኬቱ አናት ላይ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የቢራ ጠርሙስ ስባሪ ይሰካል። የማታ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴና ቡናማ ሆኖ ያብለጨልጫል። ላላወቀው ጌጥ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ወይም ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ያያል። የገበሬው ቤት ፊቱን ወደ መንገድ አዙሯል። ከደጁ ከብት የሚታሰርበት፣ ልጅ የሚጫወትበት፣ እንግዳ አረፍ የሚልበት ሣር አለ፤ እንሰቱ ጓሮ ነው። አጥር ካለም ከብት እንዳይገባ ነው እንጂ ዓይን አይከለክልም። ማን አለፈ፣ ምን ተሸክሟል፣ ወደ ማን ቤት ታጠፈ የሚለው ለቡና ወሬ ይተርፋል። ሲመሽ ከብቱ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ይገባል። ለሙቀትም ነው፣ ፍጉም ለእንሰቱ ይፈለጋል፤ ላም ሊሰርቅ የመጣ ሰው ግን መጀመሪያ የተኛውን አባወራ ማለፍ አለበት።

ይህ መንገድን በዓይን የመጠበቅ ነገር በሌላው ዓለም ስም ወጥቶለት ትምህርት ሆኗል። ጸሐፊዋ ጄን ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ አሜሪካ ከተሞች ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የመንገድን ሰላም በመጀመሪያ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን በመስኮቱና በሱቁ ደጅ ያለው ሰው ዓይን ነው ብላ ተከራከረች። በ1971 የወንጀል ጥናት ምሁሩ ሬይ ጄፈሪ ወንጀልን በአካባቢ ንድፍ ስለመከላከል ጻፈ። በዓመቱ ደግሞ አርክቴክቱ ኦስካር ኒውማን ማንም «የኔ ነው» የማይለው ደረጃና መተላለፊያ ለወንጀለኛ እንደሚመች አሳየ። የዳሞታ ሥር ገበሬ ይህን ሁሉ ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም። ለዚህም መጽሐፍ ይጻፋል እንዴ ሊል ይችላል።

ቆርቆሮ አጥር ሌባውን የሚያስቸግረው እስኪዘል ነው። ከዘለለ በኋላ መጋረጃ ይሆንለታል፤ ከመንገድ ማንም አያየውም፣ ተረጋግቶ ይሠራል። ጠርሙሱንም ጆንያ ጣል አድርጎበት ይሻገረዋል። «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ ሲጮህ ሰፈሩ መንቃቱ አይቀርም፤ ጎረቤት ክፉ ሆኖ አይደለም የሚዘገየው። አንዱ ባትሪ ይፈልጋል፣ ሌላው ቁልፉን ያጣል፣ ሦስተኛው ጓጉንቸሩን ከፍቶ መቀርቀሪያውን ሲስብ የብረት በሩ ይንቋቋል፤ ያን ጊዜ ሌባው ሦስተኛ መንደር ደርሷል። ገጠር ላይ ኡኡታ ሲሰማ በሩ የሚከፈተው በቀጥታ ወደ ሣሩ ነው።

ወላይታ ለግንብ እንግዳ አይደለም። በካዎ (ንጉሥ) አማዶ ስም የሚጠራው የድንጋይ ካብ ዛሬም ይታያል። በ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ሲዘምት ካዎ ጦና ከነሠራዊቱ ተከላክሎ ነው በመጨረሻ የተማረከው። ካቡ አገር ሙሉ ከጠላት የሚጠበቅበት ነበር። የዛሬው አጥር ግን አንድን ቤት ከሁሉም ይጠብቃል፤ ከሚጮህለት ጎረቤት ጭምር።

ሆኖም ገጠሩን ብቻ ማወደስ ቀላል ነው። ያ የሣር ደጅ የሚሠራው ሁሉም ሁሉንም ስለሚያውቅ ነው፤ በሁሉም መታወቅ ደግሞ ሸክም አለው። ምን እንደበላህ፣ ልጅህ ከማን ጋር እንደቆመች ይታወቃል። ሶዶ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭና ከሳውላ የሚመጣው መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አመጣላት፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ስትሆን ሠራተኛውም ተከራዩም በዛ። ስሙን የማታውቀው ሰው በደጅህ ሲያልፍ አጥር ቢያምርህ አይፈረድብህም። በኮሪደር ልማት ዘመን የመጣውን ውስጡን የሚያሳይ የብረት ፍርግርግ አጥር ሰው ከውስጥ ሸራ ሲወጥርበት አይቻለሁ። የታጠበ ልብስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ገመና አለ። እዚህ ላይ ንድፈኛው ስለ ሌባ ሲያስብ የቤቱ እመቤት ስለ ጎረቤት ነው የምታስበው።

ስለዚህ ዓይኑን ከግቢው ሳይሆን ከመንገዱ መፈለግ የሚሻል ይመስለኛል። አዲስ አበባ ላይ ሊስትሮ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የወላይታን ልጅ ነው። ሳጥኑን አስቀምጦ አንድ ጥግ ላይ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ጎንበስ ብሎ ቢቦርሽም ጫማን ከነባለቤቱ ያውቃል፣ የማን መኪና የት እንደምትቆም፣ የትኛው በር ዛሬ ሳይከፈት እንደዋለ ያውቃል። ደመወዝ የማይከፈለው ዘበኛ ነው። መንገድ ሲጸዳ ግን አስቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው፤ በምትኩ ምሰሶ ላይ ካሜራ ይሰቀላል። ካሜራው የሆነውን ይቀርጻል፤ ልጁ ግን «ማንን ፈልገህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ሶዶም ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩ አሉ። የጉልት ሴቶች አቮካዶና በቆሎ ዘርግተው ያመሻሉ፣ የጀበና ቡና የምታፈላዋ ከሰሏን እያራገበች ትቆያለች፣ ባጃጆች ተራ ይይዛሉ። የኮሪደር ልማቱን ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት አልጠላም፤ ጨለማን የሚናፍቅ የለም። ነገር ግን አምፖል ማብራት ይችላል እንጂ ማየት አይችልም። የጉልቷ ሴት ከመብራቱ ሥር ሕጋዊ ቦታ ቢሰጣትና እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ብትሸጥ ወጪው የአንድ ካሜራ ያህል እንኳ አይሆንም።

ለመንገዱ ዓይን ከመኖሪያ ቤቱ ቆርቆሮ ይልቅ የሚያስቸግረው የትልልቅ ግቢዎች ግንብ ነው። በየከተማችን ሱቅም መስኮትም መቀመጫም የሌለበት ረጅም የመሥሪያ ቤት አጥር አለ፤ በሩ አንድ ብቻ ነው፣ ዘበኛውም ወደ ውስጥ ነው የሚያየው። ከሥራ የምትመለስ ሴት መብራቱ በርቶም ቢሆን ያቺን የአምስት ደቂቃ መንገድ በእግሯ አትሄድም፤ ለባጃጅ ትከፍላለች።