አለመፍረድ በማር ይስሐቅ ሀገር

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 መጀመሪያ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን በሰው ላይ እንዳይፈርዱ አዝዞ፥ በወንድም ዓይን ስላለው ጉድፍና በገዛ ዓይን ስለተጋረጠው ምሰሶ የተናገረው ቃል፥ በአንድምታ ስልት፥ ማለት አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በተደራራቢ ምሥጢር በሚፈታው የኢትዮጵያ ሊቃውንት ትርጓሜ፥ ከአንድ በላይ መንገድ አለው። ለዚህ ቃል ማር ይስሐቅ ሁነኛ ምስክር ነው፤ መጽሐፉ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር «መጻሕፍተ መነኮሳት» ተብሎ፥ ከብሉያት፥ ከሐዲሳትና ከሊቃውንት ቀጥሎ በአራተኛው ጉባኤ ይተረጐማል። ማር ይስሐቅ የተወለደው በ7ኛው መቶ ዓመት፥ ቤተ ቀጠራዬ በምትባለው፥ ዛሬ ቀጠርና የሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ጠረፍ በሚገኙባት ሀገር ነው። በዚሁ ምሥራቃዊ ጠረፍ ባሉት ከተሞች በደማምና በኮበር፥ በአል ሒዛም አል-አኽደርም ሠፈር በሰው ቤት ለሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች እንግዲህ ይህ መምህር የሩቅ ሰው አይደለም።

አትፍረዱ ማለቱ፥ ዳኝነት ሳይሰጣችሁ አትፍረዱ ሲል ነው። ዳኛማ ካልፈረደ ደሀ በምን ይኖራል ቢሉ፥ ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 6 የምእመናን ክርክር በምእመናን መካከል እንዲታይ አዝዟልና ሹመት ያለውን አይከለክልም። ታሪክ፦ እ.ኤ.አ. በ676 የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ከደማም በስተ ሰሜን፥ በቀጢፍ አጠገብ ባለችው በታሩት ደሴት፥ ዳሪን በተባለችው ወደብ ጉባኤ አድርጎ፥ ክርስቲያኖች ክርክራቸውን በቤተ ክርስቲያን ዳኝነት እንዲጨርሱ ሥርዓት ሠርቶ ነበር።

አንድም፥ ወንጌልን ከችሎት አስወጥታችሁ አትፍረዱ ሲል ነው። ማር ይስሐቅን የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ የሾመው ይኸው ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ሲሆን፥ ማር ይስሐቅ ግን በሹመቱ የቆየው አምስት ወር ብቻ ነው። ምነው ቢሉ፥ እንደሚተረከው አበዳሪና ተበዳሪ ተካሰው መጡ፤ አበዳሪው ዕዳው በቀኑ ካልተከፈለኝ ብሎ አስጨነቀ፤ ማር ይስሐቅ የወንጌልን የምሕረት ቃል ቢያሳስበው፥ ወንጌሉን ለጊዜው ተወው ብሎ መለሰለት፤ እርሱም ወንጌል ከሌለ የኔ መቀመጥ ምን ይረባል ብሎ መንበሩን ትቶ ወደ ተራራ ገባ። ሐተታ፦ ይህን ሽሽት ነው የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ዳኝነቱን የተወው ፍርድ ስለ ከበደው ሳይሆን ያለ ምሕረት እንዲፈርድ ስለ ተጠየቀ ነው፤ መስፈሪያው ከጠፋ በኋላ መስፈር እንደ ምን ይሆናል?

አንድም፥ በሥራው ፍረዱ እንጂ በሰውየው አትፍረዱ ሲል ነው። ኃጢአትን ኃጢአት ማለት ይገባል፤ ሠሪውን ግን ጠፍቷል ማለት አይገባም፤ ፍጻሜው አልታወቀምና። ይሁዳ ከሐዋርያት ተቈጥሮ ወደቀ፤ ፈያታዊ ዘየማን፥ ማለት በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፥ በመጨረሻዋ ሰዓት ገነትን ወረሰ።

አንድም፥ ምሰሶው መፍረዱ ራሱ ነው፤ ከሁሉ ጠልቆ የሚገባው ንባብ ይህ ይመስላል። ጉድፍ ያለበት ሰው አጥርቶ ባያይም ያያል፤ የሚፈርደው ግን በወንድሙና በራሱ መካከል እንጨት አጋድሟልና ጨርሶ አያይም። በሳዑዲ ዓረቢያ ቤተ ክርስቲያን መሥራት አልተፈቀደምና፥ በማዳም፥ ማለት በአሠሪዋ እመቤት፥ ቤት የምታገለግል ክርስቲያን ጸሎቷ በመኝታ ክፍሏ፥ ቅዳሴዋም በስልኳ ነው፤ በጾም ቀን በረቡዕና በዓርብ ሥጋ ትቀቅላለች፤ የተሰጣትን ትበላለች ወይም በዳቦና በሻይ ትውላለች። ሀገር ቤት የተቀመጠው ጾም ሻረች ይላታል፤ ጾሙን ለመጠበቅ የቻለችው እኅቷም አንዳንዴ ከዚህ ፍርድ አታመልጥም፤ ሁለቱም ያዩት ሳህኑን ነው። ፈሪሳዊውስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 በሳምንት ሁለት ቀን መጾሙን ሲቈጥር ሐሰት ተናግሯልን? አልተናገረም፤ ጾሙ እውነት ነበረ፤ የጐዳው ጾሙን በቀራጩ ላይ መመስከሪያ ማድረጉ ነው። ትሕትና ማለትም ጾምን መናቅ ሳይሆን፥ የራስን ጾም በሌላው ላይ ምስክር አድርጎ አለማቆም ነው።

አንድም፥ ከማኅበራችሁ አይደለም ብላችሁ መልካሙን ቃል አትጣሉ ሲል ነው። ማር ይስሐቅ የነበረባት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ431 የተደረገውን የኤፌሶን ጉባኤ አልተቀበለችም፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በዚያ ጉባኤ ሃይማኖት የጸናች ናት፤ ይህም ሆኖ መጽሐፉ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ መናንያን ሲመገቡት ኖሩ። ልዩነቱ ቀላል ነው ለማለት አይደለም፤ ምሕረትን የሚያስተምር ቃል ግን የሚያነብበው አላጣም።

አንድም፥ በራሳችሁ ላይ የመጨረሻውን ፍርድ አትፍረዱ ሲል ነው። ራስን መውቀስን አባቶች ያዝዛሉ፤ ተስፋ መቍረጥን ግን ይከለክላሉ፤ ጴጥሮስ አልቅሶ ተመለሰ፥ ይሁዳ በራሱ ፈርዶ ጠፋ። የወር ደመወዟ ተከልክሎ፥ ኢቃማዋ፥ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ፥ ጊዜው አልፎ፥ ከቤተ ክርስቲያን ርቃ ዓመታት የቈየችው እኅት እግዚአብሔር ትቶኛል ብትል፥ ይህን ፍርድ ለመፍረድ ሥልጣን የላትም። እንግዲያስ የተሳሳተ አይገሠጽምን ቢሉ፥ ይገሠጻል፤ በማቴዎስ ምዕራፍ 18 እንደ ታዘዘ ግን አስቀድሞ ለብቻው፥ ሦስተኛ ሰው ሳይሰማ ነው፤ ወሬው ከደማም ጎንደር ከደረሰ በኋላ የሚነገር ምክር ተግሣጽ አይባልም።