የመድን ውል ስለ ማፍረስ

መድን ከሌላው ውል የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ይኸውም ገንዘቡ የሚከፈለው በደኅናው ቀን ሲሆን፣ ጥቅሙ የሚታየው በክፉው ቀን መሆኑ ነው። ስለዚህም ከሁለቱ ተዋዋዮች እያንዳንዱ ቀን መርጦ ለመሸሽ ይፈተናል። ጥርሱ ሲያመው መዋጮ ከፍሎ ገብቶ፣ ከተነቀለለት በኋላ የሚወጣውን ሰው የጎረቤቶቹን ገንዘብ በላ እንለዋለን። እንግዲያው ለዓመታት ሲቀበል የኖረ መድን ሰጪ፣ ሕመሙ በተሰማ ማግሥት «ውሉ ፈርሷል» ቢል ምን እንለው ይሆን?

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ይህን አስቦበታል። አረቦኑ በጊዜው ባይከፈል፣ መድን ሰጪው አስቀድሞ ለባለ ውሉ ማስታወቅ አለበት። ሕጉ የዘነጋውን ከካደው ለይቶ ማየቱ ነው፤ ለእኔም ትክክል ይመስለኛል።

ለመካነ ሰላም ገበሬ ግን የንግድ ሕግ ሩቅ ነው። የሚቀርበው ዕድሩ ነው፤ ቀጥሎም በ2003 ዓ.ም. መሞከር የጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱም የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ነበር። (ሲጀመር ሰው ሠራሽ ጥርስን አይጨምርም ነበር፤ ቆሎ ለሚወዱ አባቶቻችን ያሳዝናል።) አባልነቱ በየዓመቱ በመዋጮ ይታደሳል። ለፍጹም ድኻው መንግሥት ይከፍልለታል፤ እኔን የሚያሳስበኝ በድኻ መዝገብ ያልተጻፈው፣ ነገር ግን ገብሱን ውርጭ የመታበት ሰው ነው። እርሱ አልዘነጋም፤ አጣ እንጂ። ማስታወቂያ ቢደርሰውም ገንዘብ አይሆነውም። የሣጥኑ ገንዘብ የሌሎች ድኾች ላብ ነውና ለዘለዓለም ይታገሡት አልልም፤ ዕዳው ተጽፎበት እስከሚቀጥለው መኸር ደብተሩ በእጁ ቢቆይ ግን፣ ኪሣራውን አባላቱ ሊችሉት የሚገባ ይመስለኛል።