ስለ መጽሐፍ አደራ

ሰው በእጁ የያዘው ነገር ሁሉ የራሱ አይደለም። ገዝቶ ወይም ሠርቶ ያገኘው አለ፤ ከሌላ ተቀብሎ ለሌላ እስኪያስተላልፍ ድረስ የሚጠብቀውም አለ። ይህን ሁለተኛውን አደራ እንለዋለን። ገንዘቡን አደራ ያስቀመጠ ሰው ቀኑ ሲደርስ መጥቶ ይጠይቃል፤ ቢከለከልም ይከስሳል። መጽሐፍን አደራ የጣሉብን ሰዎች ግን መጥተው ሊጠይቁን አይችሉም። የጻፈው ሞቷል፤ ሊያነበው የሚገባውም ገና አልተወለደም። ስለዚህ ጠያቂ የሌለው አደራ ከአደራ ሁሉ የከበደ ነው፤ ዳኛው የጠባቂው ኅሊና ብቻ ነውና።

ወጣቶች ሆይ! ይህን ነገር ለእናንተ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አገራችን የውሃ አገር መሆኗ ነው። ከጢስ ዓባይ ጀምሮ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ድረስ የክረምቱን ኃይል የማያውቅ የለም። ፈታምና ብር ሲሞሉ መንገደኛ ከወንዝ ማዶ ያድራል፤ ቆርቆሮው የተበሳ ቤትም ሌሊቱን ሲያፈስ ያነጋል። ጤፋችንንና በቆሏችንን የሚያበቅልልን ይኸው ውሃ ነው። ለመጽሐፍ ግን ከእሳት የማይተናነስ ጠላት ነው።

አባቶቻችን ይህን ጠላት ያውቁት ነበር። ብራናውን ፍቀው፥ ጽፈው፥ በእንጨት ገበታ መካከል ጠርዘው፥ በቆዳ ማኅደር ከተው ከግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ማኅደሩ መሰቀሉ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ መጽሐፉን ከመሬት እርጥበትና ከአይጥ ያርቀዋል። እኛስ? በብዙ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት አሮጌ መጽሐፍና መዝገብ በካርቶን ታጭቆ ከዕቃ ቤት ወለል ላይ ይጣላል። ውሃ ሲገባ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ወለሉን ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ውሃው ገብቶ ጊዜውና እጁ ለሁሉ የማይበቃ ሲሆን፤ ከመጻሕፍቱ የትኛውን አስቀድሞ ማዳን ይገባል?

አንዳንድ ሰው፥ «ሰው በጎርፍ በሚሞትበት አገር ስለ መጽሐፍ መጨነቅ ምን ይባላል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደረሰው ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን በአንድ ሌሊት ወስዷል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሕፃን ትቶ መጽሐፍ የሚያነሣ ሰው አእምሮው የተናወጠ ነው። ነገር ግን ሰው ከዳነ በኋላ ማግስቱ ይመጣል፤ በማግስቱም የርስቱን መዝገብ፥ የትምህርቱን ማስረጃ፥ የአባቱን ታሪክ ይፈልጋል። ሕይወት ይቀድማል ማለት ሌላው ሁሉ ይጥፋ ማለት አይደለም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ብዙ ሰው በችኮላ ጊዜ የሚያነሣው ዓይኑን የሳበውን፥ ወርቅ ቅብ የሆነውን፥ ትልቁን ነው። የንብረት ኃላፊ ከሆነ ደግሞ ዋጋው በመዝገብ የተጻፈበትንና ነገ የሚጠየቅበትን ያነሣል። ሁለቱም ተሳስተዋል። በማተሚያ ቤት የታተመ መጽሐፍ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ወንድም አለው፤ በሌላ ከተማ ይገኛል፥ ይገዛል። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ የተማሪዎች መዝገብ፥ ወይም አንድ የቅኔ መምህር በእጁ የጻፈው ደብተር ግን በዓለም ላይ ሁለተኛ የለውም። ዋጋ ስላልተጻፈለት ከንብረት መዝገብ ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ቢጠፋም ማንም አይጠየቅበትም። ብርቅ ማለት ያማረ ማለት ሳይሆን ምትክ የሌለው ማለት ነው። ስለዚህ ምትክ የሌለው ይቅደም። ሁለቱም ምትክ የሌላቸው ከሆኑ ቶሎ የሚጠፋው ይቅደም፤ በብዕር ቀለም የተጻፈው ጽሑፍ ውሃ ሲነካው ፈጥኖ ይፈስሳልና።

እንዲህ መምረጥ ልብን ያደማል፤ አንዱን ማንሣት ሌላውን መተው ነውና። ነገር ግን ሁሉን አድናለሁ ብሎ ከዚህም ከዚያም የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጣው ዋናውን ነው። መምረጥን መፍራት ርኅራኄ መስሎ ይታያል እንጂ አደራን ለአጋጣሚ አሳልፎ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ነገር ትዕግሥት ነው። በጥቅምት 25 ቀን 1959 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር አርኖ የተባለው ወንዝ ሞልቶ የፍሎሬንስን ከተማ አጥለቀለቀ። በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ሰነዶች ከጭቃና ከማሞቂያ ዘይት ጋር ተደባለቁ። ከብዙ አገር የመጡ ወጣቶች ሰልፍ ሠርተው መጻሕፍቱን ከምድር ቤት እየተቀባበሉ አወጡ፤ ሕዝቡም «የጭቃ መላእክት» ብሎ ጠራቸው። መጻሕፍቱ በትምባሆ ማድረቂያ ቤቶች ሳይቀር ደረቁ። ማውጣቱ የሳምንታት ሥራ ነበር፤ መጠገኑ ግን ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላም አላለቀም። ፈጥኖ ማንሣት የጀግና ሥራ ነው፤ ቀስ ብሎ መጠገን ግን ዕድሜን ሙሉ ይጠይቃል።

የረጠበ መጽሐፍን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ውሃው ብቻ አይደለም፤ የአዳኙ ችኮላ ጭምር ነው። ሰው መጽሐፉ ሲረጥብ ይገልጠዋል፤ ለስላሳው ወረቀት ይቀደዳል። ጭቃውን በጨርቅ ይፈገፍጋል፤ ጭቃው ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፥ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል ወይም እሳት ዳር ያኖረዋል፤ ብራና ቆዳ ነውና በሙቀት ይኮማተራል፥ እንደ ጣውላም ይደርቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው መጽሐፉን ስለሚወድ ነው። ፍቅር ያለ ዕውቀት እጅን ያቻኩላል እንጂ አያቀናም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተዘግቶ የረጠበው ተዘግቶ ይቈይ። ሲነሣም ከሥሩ በሰፌድ ወይም በጣውላ ተደግፎ ይነሣ፤ የረጠበ መጽሐፍ ከብዶ ጥራዙ ይበጠሳልና። ቤቱ ጥላ ይሁን፥ ነፋስ ይግባበት። ውሃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ በየጥቂቱ ገጽ መካከል ቀለም የሌለበት ንጹሕ መጣጭ ወረቀት ይግባ፤ ሲረጥብም ይለወጥ። አብረቅራቂ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ተጣብቆ ከደረቀ አይለያይም፤ ስለዚህ ሳይደርቅ ገጾቹ መለየት አለባቸው። ይህ ሁሉ የሚጀመረው በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሻጋታ ይወጣል። በ1972 እ.ኤ.አ. ጎርፍ በአሜሪካ የኮርኒንግን የመስታወት ሙዚየም በመታ ጊዜ የረጠቡትን መጻሕፍት በማቀዝቀዣ በረዶ አድርገው አቈዩአቸው፤ ሻጋታው በብርድ ስለማያድግ የጥገና ጊዜ ተገኘ። በረዶ ማቀዝቀዣ በሌለበት ስፍራ ጥላ፥ ነፋስ፥ ወረቀትና ትዕግሥት አሉ። ጥንታዊ ብራና ከሆነ ግን ከማንጠፍጠፍ አልፎ አለመንካትና ዐዋቂ መጥራት ይሻላል።

ለዚህ ሥራ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ታማኝ መሆን ያስፈልጋል። በየካቲት ወር 1980 ዓ.ም. በሌኒንግራድ የሳይንስ አካዳሚው ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሎ፤ እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ እጅግ ብዙ መጻሕፍትን አበሰበሰ። በዚያን ጊዜ የከተማው ሰዎች የረጠቡትን መጻሕፍት ወደየቤታቸው ወስደው፥ አድርቀው መልሰዋል። አደራ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፤ የመጽሐፍ መዳን የሚወሰነው በሐምሌ ሳይሆን በጥር ነው። ምን እንዳለው የማያውቅ ሰው ምን እንደ ጠፋበት አያውቅም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በየገዳማቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ የሚገኙ በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ቅጂያቸውን በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲም አስቀምጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር በማዘጋጀት ረዥም ዘመን ደክመዋል። ቅጂ ዋናውን አይተካም፤ ዋናው ቢጠፋ ግን ቃሉ ከዓለም እንዳይጠፋ ያደርጋል። ዛሬ እናንተ በኪሳችሁ በያዛችሁት ስልክ፥ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቃችሁ፥ ያንኑ ሥራ በትንሹ መሥራት ትችላላችሁ።

እንግዲህ ዝናሙ ባቆመ ጊዜ፥ ለማንም ሥራ የሌለ በሚመስልበት በበጋው ወራት፥ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ዕቃ ቤት ግቡ። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ፤ የሚያፈስበትን ለኃላፊው ንገሩ። ከወለል ያለውን አንሥታችሁ ከመደርደሪያ አኑሩ። ከዚያም በአንድ ወረቀት ላይ ምትክ የሌላቸውን ብቻ ለይታችሁ ጻፉ፤ ከበሩ ውስጠኛ ክፍልም ለጥፉት። ጎርፍ ሲመጣ የሚሮጠው ሰው ማን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ምን እንደሚያነሣ ግን ከዚያ ወረቀት ላይ ያነብባል።